የሐኪሙ የሬኔ ላኔክ የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ብዙዎቹ ጓደኞቼ የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ታሪክ መርጠዋል። እኔ ግን ዕድሜውን በሕሙማን አልጋ አጠገብ ስላሳለፈና በመጨረሻም ሲመረምረው በኖረው በሽታ ስለ ሞተ አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ልጽፍ ወደድሁ። ይህንንም ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

እናቴ ነርስ ናት። ከአራት ዓመት በፊት፥ እኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ስትሠራ በሽታው ያዛት። ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታጓድል ወስዳ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ፈጽማ ዳነች። ሆኖም ከመዳኗ በፊት በነበሩት ሳምንታት ቡና ይጠጡ የነበሩ ጎረቤቶች ከደጃችን ቀሩ፤ እኔም ሌሊት ሌሊት ሳሏን ከግድግዳው ማዶ እየሰማሁ እንቅልፍ አጣሁ። ዘንድሮ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሕክምና ለመማር እንደምፈልግ በነገርኋት ጊዜ ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እርሷ ግን ዝም አለች። ሰውን የሚያድነውን ሰው ማን ያድነዋል የሚለው አሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልጠፋም። የላኔክን ታሪክ ፈልጌ ያነበብሁት ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬኔ ቴዎፊል ሂያሲንት ላኔክ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1781 ዓ.ም. ብሬታኝ በምትባለው የፈረንሳይ ምዕራባዊ አገር፥ ካምፔር በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ ሞተችበት፤ የገደላትም የሳንባ ነቀርሳ እንደ ሆነ የታሪኩ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። አባቱ ጠበቃ ነበረ፤ ነገር ግን ግጥም መግጠም እንጂ ቤት ማስተዳደር የማይሆንለት ሰው ስለ ሆነ ልጁን ለዘመዶች ሰጠ። በመጨረሻም በናንት ከተማ የታወቀ ሐኪም የነበረው አጎቱ ጊዮም ላኔክ ተቀብሎ እንደ ልጁ አሳደገው። ያ ዘመን የፈረንሳይ አብዮት ዘመን ስለ ነበረ ብላቴናው ብዙ ደም ሲፈስ አየ። በ1795 ዓ.ም.፥ በ14 ዓመቱ፥ በናንት ሆስፒታል ቁስለኞችን ማገልገል ጀመረ። እኛ በዚያ ዕድሜ የነበርነው የ8ኛ ወይም የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች እንደ ሆንን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

በ1801 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄዶ ሕክምና መማር ጀመረ። ቁመቱ አጭር፥ ሰውነቱም ቀጭንና ደካማ ነበረ፤ ሲደክመው ዋሽንት ይነፋ ነበር ይባላል። በትምህርቱ ግን ከሁሉ ስለ በለጠ በ1803 ዓ.ም. በሕክምናም በቀዶ ጥገናም አንደኛውን ሽልማት አገኘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በዚያን ዘመን በፓሪስ የነበረው የሕክምና ትምህርት የቆመው በሬሳ ምርመራ ላይ ነበረ። ሐኪሞቹ በሽተኛው በሕይወት ሳለ ያዩትን ምልክት ይጽፉና፥ በሞተ ጊዜ ሰውነቱን ከፍተው በሽታው በውስጡ ያደረሰውን ጉዳት ይመለከቱ ነበር። እውቀቱ በዚህ መንገድ እጅግ አደገ፤ ነገር ግን ጓንት የለ፥ የፊት መሸፈኛ የለ፥ እጅ በባዶው ነበረ። የላኔክ ወዳጅ የነበረው ጋስፓር ባይል 900 ሬሳ መርምሮ በ1810 ዓ.ም. ስለ ሳንባ ነቀርሳ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከስድስት ዓመት በኋላም በዚያው በሽታ ሞተ። የላኔክም ታናሽ ወንድም ሚሾ በ1810 ዓ.ም. በዚሁ በሽታ ተቀጠፈ።

ላኔክ ራሱ በወጣትነቱ በነቀርሳ የሞተ ሰው አከርካሪ አጥንት በመጋዝ ሲቆርጥ የግራ እጁን ጠቋሚ ጣት ጫረው። ነገሩን እንደ ትንሽ ቆጥሮ ተወው። በማግሥቱ ቦታው ቀላ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም እንደ ፍሬ ያለ እብጠት ወጣበት። በሚያቃጥል መድኃኒት አክሞ አጠፋውና እጁ ዳነ። ይህንንም ከብዙ ዓመት በኋላ በመጽሐፉ ጻፈው፤ ሌላ ጉዳት እንዳላደረሰበትም ያምን ነበር።

በ1814 ዓ.ም. በናፖሊዮን ጦርነት ቁስለኞችና በተስቦ የተያዙ ወታደሮች ፓሪስን ሞሏት። ከእነርሱም መካከል ከብሬታኝ የመጡ፥ ፈረንሳይኛ የማያውቁ የገበሬ ልጆች ነበሩ። ላኔክ እነዚህን ለብቻቸው እንዲያስተኙለት አድርጎ በአገራቸው ቋንቋ እያነጋገረ አስታመማቸው። ይህ ሥራው ከመሣሪያው ያላነሰ ምስጋና የሚገባው ይመስለኛል፤ በማያውቁት ቋንቋ መካከል መታመም ከሕመሙ በላይ ሕመም ነውና።

በ1816 ዓ.ም. በፓሪስ የኔኬር ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ተሾመ። በዚያው ዓመት ልቧን የታመመች አንዲት ወጣት ሴት ቀረበችለት። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ደረትን በጣታቸው እየመቱ ድምፁን ይለዩ፥ ወይም ጆሯቸውን በደረቱ ላይ አስጠግተው ያዳምጡ ነበር። ሴቲቱ ወፍራም ስለ ነበረች በጣት መምታቱ አልጠቀመም፤ ጆሮን በወጣት ሴት ደረት ላይ ማድረግም ነውር ሆነበት። ወዲያው ግንድን በአንዱ ጫፍ በመርፌ ቢጭሩት በሌላው ጫፍ ጆሮውን ለደቀነ ሰው ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ትዝ አለው። ስለዚህ ወረቀት አጥብቆ ጠቀለለና አንዱን ጫፍ በልቧ ላይ፥ ሌላውን በጆሮው ላይ አደረገ። የልቧ ምት በባዶ ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ ቁልጭ ብሎ ተሰማው።

ከዚያም በወረቀቱ ፈንታ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፥ መካከሉ የተቦረቦረ የእንጨት ቱቦ በገዛ እጁ ሠርቶ፥ ደረትንና መመርመርን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት ስቴቶስኮፕ ብሎ ሰየመው። ሦስት ዓመት ያህል የሕሙማኑን ደረት እያዳመጠ፥ የሰማውንም ድምፅ በሬሳው ከሚያየው ጋር እያነጻጸረ ደከመ። በአንዳንዱ የደረት ሕመም የሰው ድምፅ በቱቦው ሲሰማ እየተንቀጠቀጠ ስለሚመጣ የፍየል ድምፅ ብሎ ጠራው፤ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይህን ስም ይጠቀሙበታል። በ1819 ዓ.ም. ይህን ሁሉ በሁለት ቅጽ አሳተመ። በሳንባም ሆነ በሌላ የሰውነት ክፍል የሚታዩት የነቀርሳ ፍሬዎች የአንድ በሽታ መልኮች መሆናቸውን ያስረዳውም እርሱ ነው።

መጽሐፉን እንደ ፈጸመ ጉልበቱ አለቀ። ወደ ብሬታኝ ሄዶ በገጠር ርስቱ ሁለት ዓመት ያህል በእርሻና በፈረስ ግልቢያ ዐረፈ። ተሻለው በተባለ ጊዜ በ1821 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የኮሌዥ ደ ፍራንስ መምህር ሆነ። ከብዙ አገር የመጡ ተማሪዎች አልጋ ከአልጋ እየተከተሉት ማዳመጥን ተማሩ።

እዚህ ላይ የዚህን ታላቅ ሰው ስሕተት ሳልሸሽግ ልጽፍ ይገባኛል። ላኔክ የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን አላመነም። በአንድ ቤት ከበሽተኛ ጋር የሚኖሩ ሁሉ እንደማይታመሙ አይቶ ነበርና፥ ብርቱ ኀዘን ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ያስተምር ነበር። እናቱን፥ ወንድሙንና ወዳጁን የቀበረ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የማያምኑትን ጠላት የሚጠነቀቅ የለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ፥ ከሚያስለው በሽተኛ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፥ ቱቦውን በጆሮው ይዞ ያን አየር ሲተነፍስ ኖረ።

በ1826 ዓ.ም. የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም አርሞ እንዳወጣ ትኩሳትና ሳል ጠናበት። ሐኪም የነበረውን የአጎቱን ልጅ ሜርያዴክን በዚያው ቱቦ ደረቱን እንዲያዳምጥ አዘዘው። ሜርያዴክ የሰማው ድምፅ ላኔክ ለተማሪዎቹ ሲያስተምር የኖረው የሳንባ ነቀርሳ ድምፅ ነበረ። ወደ አገሩም ተመለሰና በኦገስት 13 ቀን 1826 ዓ.ም. በ45 ዓመቱ ዐረፈ። ስቴቶስኮፑን ለሜርያዴክ አወረሰው፤ ከውርሱም ሁሉ ይህን አብልጦ ይቆጥረው ነበር።

ከእርሱ በኋላ እውነቱ ቀስ በቀስ ተገለጠ። በ1865 ዓ.ም. ቪልመን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሽታው ከሰው ወደ ጥንቸል እንደሚተላለፍ አሳየ። በማርች 24 ቀን 1882 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ተሐዋሲውን ማግኘቱን በበርሊን ለሊቃውንት አስታወቀ። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻም ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ በባልቲሞር ከነቀርሳ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር ብቻ በቧንቧ ወደ ጊኒ ፒግ እንስሶች ቤት ላኩት፤ እንስሶቹም ታመሙ። አየሩን በአልትራቫዮሌት ብርሃን አሳልፈው የላኩላቸው ሌሎች እንስሶች ግን አልታመሙም። በዚህም በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው በአየር መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ ላኔክን የያዘው ከእናቱ ይሁን፥ ከጣቱ ይሁን፥ ከሕሙማኑ ትንፋሽ ይሁን ዛሬ ለመለየት አይቻልም፤ ሦስቱም በሮች ተከፍተውበት ኖረዋል።

ዛሬ በሮቹን የምንዘጋበትን መንገድ እናውቃለን። የሚያስለውን በሽተኛ ከወረፋው አስቀድሞ መለየትና አፉን መሸፈን፥ ፈጥኖ መርምሮ መድኃኒት ማስጀመር፥ ትይዩ የሆኑትን መስኮቶች ከፍቶ አየሩን ማመላለስ፥ ሠራተኛው ከፊት ጋር የሚገጥም የመተንፈሻ ጭምብል እንዲያደርግ፥ በየጊዜውም እንዲመረመር ማድረግ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ገንዘብ ላነሳቸው አገሮች ሐኪም ቤቶች ይህን የመሰለ መመሪያ አውጥቷል። ከእነዚህም ውስጥ መስኮት መክፈት ምንም ወጪ የለውም። እኛ ግን ንፋስ ይመታናል ብለን በአውቶቡስም በቤትም መስኮት እንዘጋለን። እናቴ በታመመችበት ዓመት እርሷ ትሠራበት የነበረው ክፍል መስኮት በክረምቱ ብርድ ምክንያት ተዘግቶ ነበር።

የአገራችን ሰው ሳይቃጠል በቅጠል ይላል። ከላኔክ ሕይወት ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው፥ በሽተኛን ቀርቦ በትዕግሥት ማዳመጥ የሐኪም ክብር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ሐኪምና ነርስ ራሳቸውን መጠበቃቸው ፍርሃት አለመሆኑ ነው፤ ላኔክ ሃያ ዓመት ተጨምሮለት ቢሆን ኖሮ ስንት ሕሙማንን ያድን፥ ስንት ተማሪ ያስተምር ነበር!

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከማቅረቤ በፊት ለእናቴ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፥ ሕክምና ከተማርሁ ወደ ሕሙማን ክፍል በገባሁ ቁጥር አስቀድሜ መስኮቱን እንድከፍት፥ ጭምብሌንም ከመልበሴ በፊት ማንንም እንዳላዳምጥ ቃል አስገባችኝ። ቃሌን ሰጠኋት። እናንተም ጓደኞቼ፥ በዚህ ሙያ ለመሰማራት የምታስቡ ሁሉ፥ ይህንኑ ቃል ለወላጆቻችሁ እንድትሰጡ እለምናችኋለሁ። ወላጆችም በበሽታው ከተያዘ ጎረቤታችሁ ደጅ አትቅሩ፤ መስኮቱን አስከፍታችሁ ጠይቁት።