ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ተፈሪ እና የጌዴኦ ቡና የተያዘበት ቁማር

ዛሬ ከዲላና ከይርጋጨፌ ደጃፍ የማይርቅ ታሪክ ይዘን መጥተናል።

ፖከር የሚጫወት ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ካርታውን ብቻ ሳይሆን ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ማንበብ አለበት። ጥሩ ካርታ ካልያዘ የማይነቃነቅ አለ። በማይረባ ካርታም ገንዘቡን የሚበትን አለ። ሁሉንም በማስፈራራት የሚያሸንፍም አለ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጨዋታ ከተጫወትክ አለቀልህ፣ ተበላህ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም የተበሉት እንዲሁ ነው።

ባልቻ ልጅ ሳሉ በጦርነት ላይ ተሰልበው፣ ቆስለው ወድቀው ነበር። ምኒልክ አንስተው አሳከሟቸው፣ በቤታቸውም አሳደጓቸው። ልጁ አድጎ ጦረኛ ሆነ። በ1888 አድዋ ላይ ከመድፈኞቹ መሪዎች አንዱ ነበሩ። የፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ ነው። አዲስ አበባ ያለው ባልቻ ሆስፒታልም የተሰየመው በእሳቸው ነው።

ከአድዋ በኋላ ሲዳሞን እንዲገዙ ተሾሙ። መቀመጫቸው ሀገረ ሰላም ሲሆን፣ ያኔ ደራሳ ይባል የነበረው የዛሬው ጌዴኦም በግዛታቸው ሥር ነበር። የጌዴኦ ገበሬ ገባር ተብሎ ለነፍጠኛው ምርቱንም ጉልበቱንም ይሰጣል። የባልቻ ወታደር የሚኖረው በዚህ ገባር ላይ ነው። መሃል አገር ላሉት ደግሞ ሲዳሞ ማለት ቡና ነው፣ ቡና ማለት ገንዘብ ነው።

በ1909 ወጣቱ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሲሆኑ ባልቻ አልተዋጠላቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ጨዋታ አንድ ነው፤ ጦር ይዞ መምጣትና ማስፈራራት። ይሄ ጨዋታ ዕድሜ ልካቸውን ሠርቶላቸዋል።

ተፈሪ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ሌላ ጨዋታ ነበራቸው። ኃያሉን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አልገፏቸውም፤ ታገሱ፣ ፊታውራሪው በ1919 አረፉ። ራስ ጉግሳ ወሌን በ1922 አንቺም ላይ የገጠሟቸው በጦር ብቻ አይደለም፣ በአውሮፕላንና ከሰማይ በሚበተን የውግዘት ወረቀትም ነው። ለባልቻስ?

በፖከር አስፈራሪን ሰው ፊት ለፊት አትጋፈጠውም። ይምጣልህ፣ ያለውን ሁሉ መሃል ላይ ያስቀምጥ ትላለህ። ተፈሪም በ1920 ባልቻን አዲስ አበባ ጠሩ። ባልቻ በሺዎች የሚቆጠር ወታደር አስከትለው መጡ፤ ጦሩን ከከተማው ዳር አስፍረው ጠባቂዎቻቸውን ብቻ ይዘው ገቡ። በክብር ተቀበሏቸው፣ ግብር ገቡ። በዛው ሰዓት የተፈሪ ሰው ራስ ካሳ ኃይለ ዳርጌ ከወታደሮቹ ጋር እየተደራደሩ ነበር። ወታደሮቹ ገንዘብ ተቀብለው ተበተኑ። ሲዳሞም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ።

ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነው። ተፈሪ ከባልቻ ጋር አልተጫወቱም እኮ! የተጫወቱት ከባልቻ ወታደር ጋር ነው። አለቃው በገንዘብ አይገዛም፣ ወታደሩ ግን ይገዛል። ባልቻ ታሰሩ፣ በኋላም ገዳም ገቡ።

ታሪካቸው ግን በዚህ አላለቀም። ጣሊያን ሲወርር ሽማግሌው እንደገና ጠመንጃ አነሱ። በ1929 በተከበቡ ጊዜ እጃቸውን የሚሰጡ መስለው ጣሊያኖቹን ካስጠጉ በኋላ ተኩሰውባቸው እሳቸውም እዛው ወደቁ ይባላል። ነገሩ እንደሚተረከው ከሆነ፣ ዕድሜ ልክ ሲያስፈራሩ የኖሩት ሰው በመጨረሻ ደካማ መስለው ተጫወቱ ማለት ነው። የተፈሪን ትምህርት ገዳም ውስጥ ሲያሰላስሉት ከርመው ይሆን?

እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። መሃል ላይ የተቀመጠው ገንዘብ የማን ነበር? የጌዴኦ ገበሬ ነው። ባልቻ ሄዱ፣ ብሩ መጡ፣ ከዛም ራስ ደስታ ዳምጠው መጡ፤ ገበሬው ግን መክፈሉን አላቆመም። በ1952 የጌዴኦ ገበሬዎች በቃን ብለው ተነሱ፤ ብዙዎች ሞቱበት። መሬት ለአራሹ የሆነው በ1967 ነው።

የታላላቆቹን ጨዋታ እናደንቃለን፣ ማድነቅም ይገባል። ዲላ ላይ ቡና ስትጠጡ ግን ሳይጫወት የተበላውንም አስታውሱ።