ዶክተር ካርል ኮለር (1857–1944)፦ ለአንዲት የረዳት ሐኪምነት ቦታ የተጀመረ ምርምር

የዓይን ሕክምና ሬዚደንሲ ለመግባት የሚያመለክቱ ወጣት ሐኪሞች ታላላቆቻቸውን ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፦ ምርምር መሥራት እውነት ዋጋ አለው ወይ? ወይስ ለማመልከቻው ማሳመሪያ ብቻ ነው? ለዚህ ከምክር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል። (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርል ኮለር ዲሴምበር 3 ቀን 1857 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ በምትገኘው፣ ያኔ ግን በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው ሹተንሆፈን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1882 ተመረቁ። ተማሪ ሳሉ ከፕሮፌሰር ሰሎሞን ሽትሪከር ላቦራቶሪ አይጠፉም ነበር። እዚያ ያጠኑት የጫጩት ፅንስ አስተዳደግን ነው። ከዓይን ጋር ምን አገናኘው ሊባል ይችላል። ነገር ግን እንስሳ ላይ መሞከርን፣ አንድን ጥያቄ ነጥሎ መፈተሽንና ያዩትን በሥርዓት መጻፍን የለመዱት በዚያ ነው።

ከተመረቁ በኋላ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል መሥራት ጀመሩ። ሕልማቸው አንድ ነበር፦ በዩኒቨርሲቲው የዓይን ክሊኒክ ረዳት ሐኪም መሆን። በዛሬው አነጋገር ሬዚደንሲ ማግኘት ማለት ነው። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ። ሀብት ለሌለው ወጣት መወዳደሪያው ጥሩ የምርምር ሥራ ነበር። ኮለርም ጥያቄ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ አገኙት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤተርና ክሎሮፎርም ሥራ ላይ ከዋሉ ወደ አርባ ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ለዓይን ግን አልተመቹም። የተኛ በሽተኛ ወደላይ እይ፣ ወደታች እይ ሲባል አይታዘዝም። ሲነቃ ደግሞ ያስመልሰዋል፤ ማስመለሱ ያመጣው ግፊት ገና ያልጠገገውን ቁስል ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሽተኛው ሕመሙን እየቻለ፣ ሰዎች ይዘውት ነበር። ስመ ጥሩው የዓይን ሐኪም ፈርዲናንድ ፎን አርልት ይህን ችግር ሲያነሱ ኮለር ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ ዓይንን ብቻ የሚያደነዝዝ ነገር ፍለጋ ገቡ። ሞርፊን፣ ክሎራልና ብሮማይድ እንስሳት ዓይን ላይ ሞከሩ። አንዱም አልሠራ አለ፤ ነገሩን ለጊዜው ተዉት።

በ1884 የሆስፒታል ባልደረባቸው ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ኮኬይን ያጠና ነበር፤ ኮለርንም በጥናቱ አሳትፏቸዋል። በዚያው በጋ ፍሮይድ እጮኛውን ሊጠይቅ ወደ ሰሜን ጀርመን ሄደ። ኮኬይን ምላስን እንደሚያደነዝዝ ብዙ ሰው ያውቃል፤ ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ኮለር ግን ከዓመታት በፊት የተዉት ጥያቄ ትዝ አላቸው። ወዲያው ሽትሪከር ላቦራቶሪ ሄዱና ከረዳቱ ከጉስታቭ ጌርትነር ጋር ዱቄቱን በውኃ በጥብጠው እንቁራሪት ዓይን ላይ ጠብ አደረጉ። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተው ቢነኩት እንቁራሪቱ ንቅንቅ አላለም! ያልተጨመረበት ሌላው ዓይን ግን ገና ሲነካ ይሸሽ ነበር። ቀጥሎ ጥንቸልና ውሻ፣ በመጨረሻም የራሳቸው ዓይን። መስታወት ፊት ቆመው ኮርኒያቸውን በስፒል ራስ ነኩ፤ ምንም አልተሰማቸውም።

ግኝቱ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1884 ሃይደልበርግ በተካሄደው የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ቀረበ። ኮለር ግን አልነበሩም፤ የመሄጃ ገንዘብ አጡ። ጽሑፋቸውን ያነበቡላቸው የትሪየስቱ ዶክተር ዮሴፍ ብሬታወር ናቸው። ወሬው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አሜሪካ ደረሰ። ፍሮይድም ክብሩ የኮለር መሆኑን ኋላ በጽሑፍ መስክሯል።

ታዲያ የተመኙትን ቦታ አገኙ? አላገኙም። በጃንዋሪ 1885 አንድ የሥራ ባልደረባ በሆስፒታሉ ውስጥ በአይሁዳዊነታቸው ሰደባቸው፤ ኮለርም በጥፊ መለሱለት። ነገሩ በጎራዴ ፍልሚያ አለቀ። ኮለር ሳይነኩ ሲወጡ ሰውዬው ቆሰለ። ከዚያ በኋላ ፀረ አይሁድነት በበረታባት ቪየና የዩኒቨርሲቲ ሹመት የማይታሰብ ሆነባቸው። የዓለምን የዓይን ቀዶ ሕክምና የለወጠ ሥራ የገዛ ትምህርት ቤታቸውን በር ሊከፍትላቸው አልቻለም።

ያ ሥራ ግን ሌላ በር ከፍቷል። ሆላንድ ውስጥ ዩትሬክት ላይ ዶንደርስና ስኔለን ተቀበሏቸው፤ ስኔለን እስከ ዛሬ በየክሊኒኩ ግድግዳ የሚሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ያዘጋጁት ናቸው። በ1888 ኮለር ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ፤ በማውንት ሳይናይ ሆስፒታልና በግል ክሊኒካቸው ለረጅም ዓመታት ሠሩ። በ1922 የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች ማኅበር የሉሲየን ሃው ሜዳልያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ተሸላሚው እርሳቸው ነበሩ። ለኖቤል ሽልማት ቢታጩም አልደረሳቸውም። ማርች 21 ቀን 1944 አረፉ። ኮኬይን ሱስ ማስያዙና ኮርኒያን መጉዳቱ ሲታወቅ እንደ ቴትራኬይን ባሉ ጠብታዎች ተተክቷል፤ መንገዱ ግን የእርሳቸው ነው።

ለሚያመለክቱ ወጣቶች ትምህርቱ ግልጽ ይመስለናል። ኮለርን የጠቀማቸው የጽሑፋቸው ብዛት አይደለም፤ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ የተነሳ ጥያቄ ይዘው መቆየታቸውና ዕድሉ ሲመጣ እንዴት እንደሚፈተሽ ማወቃቸው ነው። የጫጩት ፅንስ ጥናቱም በከንቱ አልቀረም። ምርምር ቦታ ያስገኛል ብሎ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም፤ ሰውየውን ግን የትም ቢሄድ የሚከተለውን ችሎታ ያስታጥቀዋል።

ለእኛ ለመምህራንና ለነባር ምሩቃን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። አመልካቹን ስንመርጥ የምንመዝነው ሥራውን ነው ወይስ ማንነቱን? ለጉባኤ የመሄጃ ገንዘብ ላጣ ወጣትስ እንደ ብሬታወር ጽሑፉን ይዞ የሚቆምለት ከመካከላችን ማን ነው? ቪየና የመረጠችውን መርጣ ኮለርን አጣች፤ ኒው ዮርክ ተጠቀመች።