የልደቱን ዘመን ሲፈልግ የኖረው ፍሬዴሪክ ዳግላስ

ሰው ማንነቱን ሲጠየቅ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠራል፤ የተወለደበትንም ዓመት ይናገራል። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብለት ሰው ግን፣ በዘመኑ ከታወቁት አሜሪካውያን አንዱ ለመሆን ሲበቃ፣ ይህን ጥያቄ በሙሉ መመለስ አልቻለም። ይኸውም ባርነትን በብዕርና በንግግር የታገለው ፍሬዴሪክ ዳግላስ ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፍሬዴሪክ የተወለደው ሜሪላንድ በተባለው የአሜሪካ ግዛት፣ በታልቦት አውራጃ ነው። እናቱ ሃርየት ቤይሊ ባሪያ ነበረች። በሌላ እርሻ ትሠራ ስለ ነበር ልጁን ያሳደገችው አያቱ ቤትሲ ናት። እናቱን በሌሊት በእግሯ እየመጣች ስትጠይቀው ጥቂት ጊዜ ብቻ አይቷታል፤ 7 ዓመት ገደማ ሲሆነውም ሞተችበት። አባቱ ነጭ መሆኑን ከመስማት በቀር ማንነቱን በእርግጥ አላወቀም። ባሪያ ዕድሜውን ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ይቈጠርበት ነበር።

በ1838 ከባልቲሞር አምልጦ ወደ ሰሜን ሄደ። አሳዳጆች እንዳይዙት ቤይሊ የተባለውን የቤተሰብ ስም ትቶ ዳግላስ ተባለ። በ1845 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ በኋላም ጋዜጣ አቋቋመ፤ በ1889 በሃይቲ የአሜሪካ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ።

ክብሩ ግን ጥያቄውን አላስረሳውም። በ1877 የቀድሞ ጌታውን ቶማስ ኦልድን በታመመበት ሊጠይቀው ሄዶ፣ የተወለደበትን ዘመን እንዲነግረው ለመነው። እርሱ 1817 ይመስለው ነበር፤ ኦልድ ግን በፌብሩዋሪ 1818 መሆኑን ነገረው። ዳግላስ በ1895 ሞተ።

የጽሑፉ ማስረጃ የመጀመሪያ ጌታው አሮን አንቶኒ በያዘው መዝገብ ውስጥ ተገኘ። ዲክሰን ፕሬስተን የተባለው ጸሐፊ በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ መዝገቡ የሃርየት ልጅ ፍሬዴሪክ በፌብሩዋሪ 1818 መወለዱን ይናገራል። አያቱ ቤትሲም በ1774 መወለዷ ተጽፏል። ተመራማሪዎች ከዚያም አልፈው፣ በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በተደረገ የውርስ ንብረት ቈጠራ ቤሊ የሚባል ሰው አግኝተው የቤተሰቡን ሐረግ እስከ እርሱ አድርሰዋል።

የአባቱ ስም ግን አልተመዘገበም። በሕጉ መሠረት ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተል ስለ ነበር፣ ጌታው ለንብረቱ ማስረጃ የእናቲቱ ስም ይበቃው ነበር። በ1850ና በ1860 የተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቈጠራም ባሮችን በባለቤታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ሲቈጥር፣ የአብዛኞቹን ስም አልጻፈም። ስለዚህ የብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ዘር ፍለጋ ወደ ኋላ ሲሄድ ከ1870 ቈጠራ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በፊት ያለውን በኑዛዜ፣ በሽያጭ ውልና በንብረት ቈጠራ መፈለግ ግድ ነው።

አንቶኒ የጻፈው ሀብቱን ለመቈጣጠር ነበር፤ ያቺ አንዲት መስመር ግን ዳግላስ ዕድሜውን ሙሉ የጠየቀውን መለሰች። ነገ መዝገብ ቤት ተቀምጣችሁ የሰው ስምና ዘመን የምትጽፉ ወጣቶች ይህን ብታስቡ መልካም ነው። የምትጽፉት ሰው የት እንደሚደርስ አታውቁም፤ የጐደለችውን ቃል ግን የልጅ ልጁ ሲፈልጋት ሊኖር ይችላል።