ከመድረክ ፊት ያረጀው ደራሲ

ቴአትር ቤቱ ከሰፈሩ ስለ ራቀበት ብቻ ጨዋታ ሳያይ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። የሚያደንቀውን ተጫዋች ለማየት ሲል ድንበር የሚሻገር፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ የሚሻገር ሰው ግን በታሪክም እምብዛም አይገኝ። ሩስያዊው ደራሲ ኢቫን ሰርጌየቪች ቱርጌኔፍ ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር። ተማሪዎቻችን ስሙን የሚያውቁት በተለይ «አባቶችና ልጆች» በሚለው ልብ ወለዱ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ደራሲውን ለጊዜው ወደ ጐን ብለን በቴአትር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው ልንመለከት ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቱርጌኔፍ በ1818 ዓ.ም. ኦርዮል በምትባለው ከተማ ከባላባት ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የፈረሰኛ ጦር መኰንን ነበር፤ ልጁ 16 ዓመት ሲሆነው ሞተ። የቤቱ እውነተኛ ጌታ ግን ድሮም እናቱ ቫርቫራ ፔትሮቭና ነበረች። ይህች ሴት ስፓስኮየ የተባለ ሰፊ ርስትና 5000 ያህል ገባሮች ነበሯት። በዚያ ጊዜ የሩስያ ገባር እንደ ዕቃ የሚሸጥ፣ ጌታው ካልፈቀደለት ሚስት እንኳ ማግባት የማይችል ሰው ነበር። ልጇም ሳይቀር በግርፋት ያደገ በመሆኑ የዚያ ቤት ጭካኔ እስከ ዕለተ ሞቱ ከሐሳቡ አልወጣም። በሞስኮና በፒተርስቡርግ ከተማረ በኋላ በ1838 ዓ.ም. ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ በርሊን ተጓዘ። የተሳፈረበት መርከብ በጀርመን ጠረፍ አጠገብ በእሳት ሲጋይ ከሞት ያመለጠው በዚሁ ጉዞ ነው። እንዲህ ያለ አጀማመር ሌላውን ሰው ከቤቱ ባስቀረው ነበር።

እናቱ ልጇ ትልቅ ሹም እንዲሆንላት ትመኝ ነበርና በ1843 ዓ.ም. በአገር ግዛት ሚኒስቴር ገብቶ ጸሐፊ ሆነ። አለቃው በኋላ ታላቁን የሩስያ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቭላዲሚር ዳል ነበር። የተማረ አለቃ፣ የማይቋረጥ ደመወዝ፣ የሹመት ተስፋ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ነገር ግን በዚያው ዓመት በመጸው ወራት የኢጣልያ ኦፔራ ወደ ፒተርስቡርግ መጣ፤ ከዘፋኞቹም አንዷ የ22 ዓመቷ ፓውሊን ቪያርዶ ነበረች።

ፓውሊን የስፔኑ ዘፋኝ የማኑኤል ጋርሲያ ልጅ፣ በወጣትነቷ የተቀጨችው የዝነኛይቱ የማሪያ ማሊብራን እኅት ናት። ፒያኖ ከሊስት ተምራለች፤ ሾፓንም ወዳጅዋ ነበር። መልኳን የሚያወድስ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም በሮሲኒ «የሴቪልያው ፀጉር አስተካካይ» ውስጥ ሮዚናን ሆና ስትወጣና በመካከሉ የሩስያዊውን የአልያብዬቭን ዜማ በራሱ በሩስኛ ስትዘፍንላቸው፣ የፒተርስቡርግ ሰዎች አበዱ። ከሁሉ ይልቅ ያበደው ቱርጌኔፍ ነው። ኪሱ ባዶ ስለ ነበር ቲኬት ባላገኘበት ምሽት ወዳጆቹ ወደ ተከራዩት ልዩ መቀመጫ እየገባ ያይ እንደ ነበር፣ በጭብጨባውና በጩኸቱም አጠገቡ ያሉትን ያስቸግር እንደ ነበር የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። ከእርሷ ጋራ ያስተዋወቁት ሰዎች ጥሩ አዳኝ፣ ጨዋታ ዐዋቂና መጥፎ ባለ ቅኔ ነው ብለው ነገሯት ይባላል። ባሏ ሉዊ ቪያርዶ በ21 ዓመት የሚበልጣት፣ «ዶን ኪሾት»ን ወደ ፈረንሳይኛ የተረጐመ የተከበረ ሰው ሲሆን እርሱም አደን ይወድ ነበር። የወዳጅነቱ በር የተከፈተው በጠመንጃ በኩል ነው ለማለት ይቻላል።

ከጨዋታው በኋላ በዘፋኟ ማረፊያ ክፍል ውስጥ የድብ ቈዳ ይነጠፍ ነበር። አራት አድናቂዎች በአራቱ የድብ መዳፎች ላይ እየተቀመጡ በየተራ ተረት ያወሩላት ነበር ይባላል፤ ከአራቱ አንዱ የአገር ግዛቱ ጸሐፊ ነው። በማግሥቱ ጧት ተነሥቶ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መገልበጥ እንዴት እንደሚከብድ፣ በጠረጴዛው ፊት ሆኖ ይህን ለሚያነብ ወጣት ሹም እንተወዋለን።

በ1845 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመትም ወደ ፈረንሳይ ሄዶ እንግዳዋ ሆነ። እናቱ ነገሩን ሰምታ ነበርና ዘፋኟ ወደ ሞስኮ በመጣች ጊዜ ራሷ ሄዳ አየቻት። እየተናደደች ስትመለስ ሴቲቱ በደንብ እንደምትዘፍን ከማመን በቀር የምትለው አልነበራትም አሉ። ልጇ በ1847 ዓ.ም. ፓውሊንን ተከትሎ ወደ በርሊን፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ባቀና ጊዜ ግን ገንዘብ መላክን አቆመች። እርሱም ሦስት ዓመት ከግማሽ ያህል በብድርና በወዳጅ እንጀራ ኖረ፤ ብዙውን ጊዜም ከፓሪስ ወጣ ባለው በኩርታቭኔል፣ በቪያርዶዎች ቤት ነበር።

ብዙዎች ይህን ዘመን በከንቱ ያለፈ ወጣትነት ብለው ይነቅፉታል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የኦርዮልን ገባሮች እንደ ሰው፣ ጥበብና ኀዘን እንዳላቸው ሰዎች አድርጎ ያሳየውን «የአዳኝ ማስታወሻ»ን አብዛኛውን የጻፈው በነዚህ ዓመቶች፣ በዚያ ባዕድ ቤት ተቀምጦ ነው። «አንድ ወር በገጠር» የተባለውን ቴአትሩንም ያረቀቀው ያን ጊዜ ነው። በዚህ ቴአትር ውስጥ የወዳጁን ሚስት እየወደደ በሰው ቤት ጥግ የሚኖር ራኪቲን የሚባል ሰው አለ። ደራሲው ራኪቲንን ከየት እንዳመጣው መጠየቅ አያስፈልግም። በሦስቱ መካከል ስለ ነበረው ኑሮ ብዙ ተወርቷል፤ እኛ ወደ ወሬው አንገባም።

በ1850 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እናቱም በዚያው ዓመት ሞተችና ርስቱ እጁ ገባ። የቤት አገልጋዮቹን ነጻ አወጣ። ከአንዲት ልብስ ሰፊ የወለዳትን የ8 ዓመት ልጁን ግን ወደ ፓሪስ ልኮ ከቪያርዶ ልጆች ጋራ እንድታድግ አደረገ፤ ስሟም ፔላጌያ መሆኑ ቀርቶ ፖሊኔት ተባለ። ልጅቱ ሩስኛዋን ጨርሳ ረሳች። በዚህ ነገር የአባትየውን ሥራ ለማመስገን ይቸግረናል።

በ1852 ዓ.ም. ጎጎል ሲሞት ቱርጌኔፍ የኀዘን ጽሑፍ ጻፈ። የፒተርስቡርግ ሳንሱር ከለከለው፤ እርሱም በሞስኮ አሳተመው። ስለዚህ አንድ ወር ታስሮ ከቈየ በኋላ ከርስቱ ከስፓስኮየ እንዳይወጣ ተፈረደበት። በ1853 ዓ.ም. የጸደይ መግቢያ ላይ ፓውሊን ለመዝፈን ወደ ሩስያ መጣች። ያ የፖሊስ ዓይን የማይለየው ግዞተኛ፣ ባቡር ገና ባልተሠራበት መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ በሐሰት የይለፍ ወረቀት ሞስኮ ገባ። ቢያዝ ኖሮ የሚጠብቀው ቅጣት ከስፓስኮየ ይልቅ እጅግ የራቀ ግዞት ሊሆን ይችል ነበር። እርሱ ግን ዐሥር ቀን ያህል ሰንብቶ፣ አይቷትና ሰምቷት ማንም ሳይነካው ወደ ርስቱ ተመለሰ። ከሙሉ ታሪኩ ውስጥ የአድናቂነቱን ልክ የሚያሳየን እንዲህ ያለ ሌላ ሥራ አናገኝም፤ ስለ ፖለቲካ ጉዳይ ሲሆን ጥንቁቅና ፈሪ የሚባል ሰው ነበርና።

ግዞቱ ካለቀና የክሪምያ ጦርነት ከቆመ በኋላ በ1856 ዓ.ም. እንደ ገና ወጣ። ከዚህ በኋላ ሩስያን የሚያያት እንደ እንግዳ እየመጣ ነው። ፓውሊን በ1859 ዓ.ም. በፓሪስ፣ በርሊዮዝ ባሰናዳው በግሉክ «ኦርፌ» ውስጥ ወንድ ሆና ስትጫወት ዝናዋ ጫፍ ደረሰ፤ ድምፅዋ ግን ተጐድቶ ነበርና በ1863 ዓ.ም. የፓሪስን መድረክ ትታ ወደ ጀርመን፣ ወደ ባደን ባደን ሄደች። ድምፅ የወደደ ድምፁ ሲጠፋ ይለያል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ቱርጌኔፍ ተከትሏት ሄዶ ከቤቷ አጠገብ ቤት ሠራ። በ1867 ዓ.ም. በዚህ ቤት ውስጥ «የመጨረሻው ጠንቋይ» የተባለች ትንሽ ኦፔራ ታየች፤ ቃሉ የእርሱ፣ ዜማው የእርሷ ነው። በነዚህ የቤት ጨዋታዎች የድሮው ተመልካች ራሱ ተጫዋች ሆኖ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን የፓሻ ልብስ ለብሶ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ በአንዲት ልዕልት ከንፈር ላይ የንቀት ፈገግታ አይቶ እጅግ እንዳፈረ ተናግሯል።

በዚያው ዓመት ዶስቶየቭስኪ ባደን ባደን መጥቶ ተጣሉ። ሩስያን ከሩቅ ሆነህ ልታያት አትችልምና ከፓሪስ ቴሌስኮፕ አስመጣ ብሎ ዘለፈው። ዘለፋው ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ የቱርጌኔፍ የኋላ ልብ ወለዶች እንደ ፊተኞቹ አይደሉም። ግን «የአዳኝ ማስታወሻ»ም ከሩቅ የተጻፈ ነው፤ ገባሮቹን በ1861 ዓ.ም. ነጻ ያወጣው ንጉሥ አሌክሳንድር 2ኛም በዚህ መጽሐፍ ልቡ እንደ ተነካ ይነገራል።

የ1870 ዓ.ም. ጦርነት ሁሉንም ከባደን ባደን አስነሣቸው። ለንደንን አልፈው ፓሪስ ገቡ፤ በኋላም በቡዢቫል ርስት ገዙ። በ1879 ዓ.ም. ቱርጌኔፍ ለጉብኝት ፒተርስቡርግ ሄዶ ሳለ የ60 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ እንደ ገና በቴአትር ቤት ተቀመጠ። «አንድ ወር በገጠር» ይታይ ነበር፤ ቬሮችካ የተባለችውን ልጅ የምትጫወተው ወጣቷ ማሪያ ሳቪና ናት። ከ29 ዓመት በፊት እምብዛም ልብ ያላላትን ልጅ ይህች ተዋናይት ሕይወት ሰጥታ ስታሳየው ተደነቀ፤ እስኪሞትም ድረስ ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። ሆኖም የተመለሰው ወደ ቡዢቫል ነው።

በ1883 ዓ.ም. በግንቦት ሉዊ ቪያርዶ ሞተ። ቱርጌኔፍም በአከርካሪው ነቀርሳ ከባድ ሥቃይ ላይ ነበር፤ ብዕር መያዝ ሲያቅተው የመጨረሻ ታሪኩን በፈረንሳይኛ እየነገራት ፓውሊን ጻፈችለት። መስከረም 3 ቀን አረፈ፤ አስከሬኑም በባቡር ወደ ፒተርስቡርግ ተወስዶ በቮልኮቮ መቃብር ተቀበረ።

ፓውሊን እስከ 1910 ዓ.ም. ኖረች። ቱርጌኔፍ ከተዋቸው ዕቃዎች አንዱ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በቅድመ አያቱ በኩል የኛ ነው የሚሉት የፑሽኪን ቀለበት ነበር። ይህን ቀለበት በ1887 ዓ.ም. ወደ ሩስያ ላከችው። በፒተርስቡርግ የፑሽኪን ሙዚየም ሲጠበቅ ቈይቶ በ1917 ዓ.ም. ተሰረቀ።