የድሬው ነጋድራስ፣ ፍየሎቹና እኔ

ዲግሪዬን እንደያዝኩ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ፍየል መቁጠር ነበር። እየቀለድኩ አይደለም። ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብለው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ታብሌት ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን። ገበሬው ስንት ማሳ እንዳለው፣ ማሽላው ስንት ኩንታል እንደሰጠው፣ ስንት በግና ፍየል እንዳለው እንጠይቃለን። ጊዜያዊ ዳታ ሰብሳቢ ነበርኩ። አሠሪዬ ማን እንደነበር ይቅር።

አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ግቢ ደረስን። አብሮን ያለው ልጅ በኦሮምኛ ሰላምታውን አደረሰልን፣ ውሃ ቀርቦልን ጠጣን፣ ከዚያ ወደ ጥያቄው ገባን። ፍየል ስንት እንዳላቸው ስንጠይቃቸው ስድስት አሉን። እኔ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ቁጥቋጦው ሥር ብቻ ከሃያ በላይ ፍየል ይታየኛል። የጎረቤት ይሆናል እንዳልል በረቱ የሳቸው ነው። ተናደድኩ። ስድስት ብዬ ሞላሁና ተሰናብተን ወጣን።

የዚያን ቀን ጉዱ ግን የሽማግሌው አይደለም፣ የኔ ነው። ሁለት ቤት ቀርቶኝ ነበር። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ሳልሄድባቸው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ከጎረቤቶቻቸው መልስ አማካይ እየወሰድኩ ሞላኋቸው። ታብሌቱም ተቀበለኝ። አረንጓዴ ምልክት አሳየኝና አለቀ።

ነገሩን ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ነው፤ ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ።

ስሙን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ምናምን ተብሎ በየንግግሩ ይጠራል። የሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ግን እዚሁ እኛ ከተማ፣ የጉምሩክ መዝገብ ላይ እንዳለፉ ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ አላውቅም ነበር። አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ አላውቅም ነበር። (አንቱ እንድለው የምትፈልጉ ይቅርታ። ሲሞት 33 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም፤ እኔም ከዚያ ዕድሜ ብዙ አልራቅኩም። አንቱ ማለት ከበደኝ።)

የተወለደው በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ነው። አባቱ ባይከዳኝ የአፄ ዮሐንስ ሰው ነበሩ፤ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ንጉሡ ሲወድቁ እሳቸውም እዚያው ቀሩ። ልጁ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ዘመኑ ደግሞ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራው ነው። ከብቱ በበሽታ አልቋል፣ የሚያርስ በሬ የለም፣ ሰው በየመንገዱ ይወድቃል። በዚያ ረሃብ ስንት ሰው እንዳለቀ የተቆጠረ ቁጥር የለም። የሕዝቡ ሲሶ አለቀ የሚል ግምት በየመጽሐፉ ይደጋገማል፤ ግን የሕዝቡ ጠቅላላ ቁጥር ራሱ አይታወቅም ነበርና የምን ሲሶ ነው ብትሉ መልስ የለም።

ገብረሕይወት በልጅነቱ ወደ ኤርትራ ተሻግሮ ምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ የመጣው ፊልም ነው የሚመስለው። ታሪኩን የጻፉ እንደሚሉት፣ ምፅዋ ወደብ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ሊያይ ወጥቶ በዚያው አውሮፓ ደረሰ፤ አንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብም ተቀብሎ አሳደገው። ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻው ተማረ፣ በርሊንም ሕክምና አጠና። አገሩ ሲመለስ ትልቅ ሰው ሆኖ እንደገና ፊደል ቆጠረ፤ አማርኛና ግዕዝ ያጠናው ያኔ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። በአማርኛ ከተጻፉት የኢኮኖሚ መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚው፣ አማርኛን ዘግይቶ የተማረ ሰው ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ገብቶ አፄ ምኒልክ ዘንድ ቀረበ። በ1899 ዓ.ም. ደጃዝማች መሸሻ ወርቄ ወደ ጀርመን በመልእክት ሲሄዱ አስተርጓሚያቸው እሱ ነበር። ምኒልክ ታመው ቤተ መንግሥቱ በሹክሹክታ ሲሞላ ግን ከጀርመኖቹ ጋር የነበረው ቅርበት አላዋጣውም፤ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ስደቱን አላረዝመውም። ከስደቱ በኋላ በ1904 ዓ.ም. አስመራ ላይ በብርሃን ይሁን መጽሐፍ ውስጥ አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የሚለው ጽሑፉ ታተመ። ጃፓንን እያነሳ፣ ግብር በውል ይታወቅ፣ በገንዘብም ይከፈል፣ ወታደሩ ደመወዝ ይኑረው፣ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ ይላል። ሰውየው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው።

ከዚያ ተመልሶ ሹመት አገኘ። የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆነ፣ በመጨረሻም የድሬዳዋ ነጋድራስ።

ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ዛሬ ጎዳና ላይ የቀረ ስም ነው። ያኔ ግን ቀረጡን የሚሰበስበው፣ የነጋዴውን ክርክር የሚዳኘው፣ የገባውንና የወጣውን የሚያውቀው ሰው ነበር። ድሬ ላይ ነጋድራስ መሆን ደግሞ ሌላ ቦታ እንደመሆን አይደለም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ሐረር መውጣት ነበረበት፤ ተራራው ስላስቸገረ ሜዳው ላይ ቀረና ከተማችን ተወለደች። መጀመሪያ ስሟ አዲስ ሐረር ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ 14 ዓመት ያህል የባቡሩ ዋና መጋቢያ ድሬ ነበረች። የሐረር ቡና፣ ቆዳው፣ ሰሙ፣ የዝሆን ጥርሱ ቁልቁል ይሄዳል፤ ጨርቁና ብረታ ብረቱ ሽቅብ ይመጣል። ከዚራና መጋላ፣ ደቻቱ በመሃላቸው። ያው የምናውቃት ድሬ።

እንግዲህ አስቡት። የእርሻ ሚኒስትር በምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ተሹሟል፤ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ግን በ1953 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የገበሬው ምርት በየጊዜው ወረቀት ላይ የሚሰፍርበት ዋናው ቦታ ጉምሩክ ነበር። ጎተራ የቀረውን የሚቆጥር የለም፣ የተበላውን የሚቆጥር የለም፤ ኬላ ያለፈውን ግን ይቆጥሩታል። ቀረጥ አለበታ!

መቁጠሩም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ቡና በፈረሱላ ይመዘናል፤ ፈረሱላ ወደ 17 ኪሎ ይጠጋል ይባል እንጂ እንደ አገሩና እንደ ዕቃው ይለያያል። እህሉ በቁናና በዳውላ ነው፤ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው አይገጥምም። መሬት በጥማድ ይለካል፣ ማለትም ጥንድ በሬ በቀን በሚያርሰው፤ የበሬውን ጉልበት ማን ይለካዋል? ጋሻም ለምና ጠፍ እየተባለ ይሰፋል ይጠባል። በአንድ መዝገብ ላይ ሁለት ፈረሱላ ደምሮ ትክክለኛ ድምር ማግኘት በራሱ ጥበብ ነው። አሁንም ቢሆን የናሙና ጥናት ላይ የወጣ ሰው ጆንያና ቁናን ወደ ኪሎ ሲለውጥ ነው ግማሽ ቀኑ የሚያልቀው።

ገብረሕይወት እንዲህ ካለው ሥራ ጋር ነው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የሚለውን መጽሐፉን ትቶልን የሄደው። መጽሐፉን በስልኬ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ እንቅልፍ ሲያጣኝ ሌሊት አነበብኩት። ሰው በዕውቀቱ ተፈጥሮን እየመረመረ ድካሙን ይቀንሳል፤ የዕቃ ዋጋም ከተደከመበት ሥራና ጊዜ ይመነጫል ብሎ ይነሳል። ከዚያ ወደ ንግዱ ይሻገራል። እኛ የምንልከው ከምድሩና ከከብቱ እንዳለ የተነሳውን ነው፤ የምንገዛው ዕውቀት የገባበትን ነው። እነሱ በጥቂት ቀን ሥራ የሠሩትን እኛ በብዙ ቀን ድካም እንለውጣለን። በዚህ አያያዝ ንግዱ በበዛ ቁጥር፣ ባቡሩም በፈጠነ ቁጥር፣ ዕውቀት የሌለው ወገን እየደኸየ ለሌላው ሠራተኛ ይሆናል። ይህን የጻፈው የባቡሩ ሰው መሆኑን አትርሱ።

እኔ በተማርኩበት ክፍል ይህ ሐሳብ የፕሬቢሽና የሲንገር ተብሎ ነው የተሰጠን፤ እነሱ የጻፉት በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። የኛ ሰው ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሞቷል። ፈተና ላይ የሱን ስም ብጽፍ ምን ማርክ አገኝ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ግን ያስቆመኝ ሌላ ክፍል ነው። ወታደሩ ገበሬው ላይ እየተመራ ሲበላ፣ ኬላው በየወንዙ ቀረጥ ሲጠይቅ፣ ገበሬው ከለት ጉርሱ አብልጦ ለምን ያመርታል ይላል። የተረፈ ነገር ከታየ ይወሰዳል። ከክፉ ቀን በኋላ ወታደሩን ይመግባል ተብሎ አስራት ሲደነገግም ገማቹ ማሳው ዳር መጥቶ ነው ሰብሉን የሚገምተው። በዚህ አገር መቆጠር ማለት ለረጅም ዘመን መወሰድ ማለት ነበር።

የፍየሎቹ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። አያታቸው ሲቆጠሩ ምን እንደደረሰባቸው አላውቅም፤ ግን ስድስት ያሉት መቁጠር ስለማይችሉ አይደለም። ከኔ በላይ ኢኮኖሚክስ ያውቃሉ። የእህሉን ምርት እንኳ ገበሬውን ሳያስቸግሩ ማግኘት ይቻላል። ከማሳው ውስጥ በዕጣ 4 ሜትር በ4 ሜትር ቦታ ይከለላል፣ ያ 16 ካሬ ሜትር ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይመዘናል፣ ሲደርቅ እንደገና ይመዘናል። ሚዛን አይፈራም። ፍየል ግን በቃል ነው የሚቆጠረው፤ ቃል ደግሞ ጠያቂው ማን እንደሆነ ያያል። ታብሌት የያዘ የከተማ ልጅ ግብር ይዞ ይምጣ እርዳታ ሳቸው በምን ይለያሉ? ለግብር ሲሆን ፍየሉ ያንሳል፣ ለእርዳታም ሲሆን ያንሳል። ለኔ መብዛት የሚችልበት ምክንያት አልነበረውም።

ይህ የፍየል ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድርቅ ሲመጣ ስንት ኩንታል እህል ድሬ ገጠር ይድረስ የሚባለው ከእንዲህ ዓይነት ድምር ነው። የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ ገጠሩን ጨምሮ በመጨረሻው ቆጠራ፣ በ1999 ዓ.ም. ማለት ነው፣ 341,834 ነበር። ከዚያ ወዲህ የምትሰሙት ቁጥር ሁሉ ከዚያ ላይ የተተነበየ ነው፤ የያኔ ሕፃናት ዛሬ ልጅ ወልደዋል። ከቆጠራው አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1998 ክረምት፣ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ የዘነበው እላይ ደጋው ላይ ነበር። እላይ የወረደውን ሚሊሜትር እዚህ ታች ለተኛው ሰው በሰዓቱ የነገረው አልነበረም። ልጅ ነበርኩ፤ ጠዋት አሸዋው ላይ የቀረውን ጫማ ግን አስታውሳለሁ።

ገብረሕይወት በሰኔ 1911 ዓ.ም. አረፈ። መጽሐፉን ታትሞ አላየውም። ጳውሎስ መናመኖ የሚባል ወዳጅ ጽሑፉን ይዞ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሳተመው። እሱ እንደተመኘው ኬላው በአንድ ጊዜ አልተነሳም፣ ወታደሩም በማግስቱ ደመወዝተኛ አልሆነም። ዛሬ ድሬ ደረቅ ወደብ አላት፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ነፃ የንግድ ቀጠናም አላት፤ አሁንም ቡናው ቁልቁል፣ ጨርቁ ሽቅብ ነው።

ባለፈው ሰሞን ለገሀር በኩል ሳልፍ አሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት ቆም አልኩ። ልጆች ፎቶ ይነሳሉ። ጠጋ ብዬ ነጋድራስ ገብረሕይወትን ታውቁታላችሁ ወይ ልላቸው አስቤ ተውኩት፤ እኔ መች አወቅኩትና! ቤት ገብቼ አብሮኝ ይሠራ ለነበረው ጓደኛዬ ደወልኩለት፤ ያኔ ዛፍ ሥር የሞላኋቸውን ሁለት ቤቶች ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። ሪፖርቱ ከወጣ ቆይቷል፣ ታብሌቶቹም ተመልሰዋል። የሁለቱ ቤቶች ፍየሎች፣ አራትና ሰባት ነበር ያልኳቸው፣ አማካዩ ውስጥ ገብተዋል።