ፕሮፌሰር ኒልስ ቦር

ከፊዚክስ ሊቃውንት ሁሉ እኔ አብልጬ የምወዳቸው ፕሮፌሰር ኒልስ ቦር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1885 በኮፐንሃገን ከተማ ተወለዱ፤ በ1922 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ይህን መምህራችን ነግረውናል፤ እኔ የምተርክላችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ዝግተኛ ኒውትሮን ወደ አስኳል ሲላክ ጉልበቱ ከአንድ ልክ ጋር ከገጠመ ይያዛል፤ ጥቂት ከበለጠ ወይም ከጎደለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ይህም ሬዞናንስ ይባላል። ቦር በ1936 ምክንያቱን ሲያስረዱ ኳሶች የተቀመጡበትን ጎድጓዳ ሳሕን ምሳሌ አደረጉ፤ ተንከባላ የገባችው ኳስ ጉልበቷን ለሌሎቹ አካፍላ እዚያው ትቆያለች። እኔም በቤታችን ሳሕን በብይ ሞክሬ እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ እናቴ ግን አልወደደችውም። አስኳሉ ኒውትሮኑን ይዞ በቆየ መጠን ሬዞናንሱ ይጠባል። በዚያው ዓመት ብራይትና ዊግነር ነገሩን በስሌት ጻፉት።

በ1939 ቦር በፕሪንስተን ሳሉ፥ ዩራኒየም 238 በሬዞናንስ ኒውትሮኑን ይውጣል እንጂ አይሰነጠቅም፤ በዝግተኛ ኒውትሮን የሚሰነጠቀው ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላው ዩራኒየም 235 ነው አሉ። እንዳሉትም ሆነ። በ1945 ሂሮሺማን ያቃጠለው ቦምብ የተሠራው ከዚሁ ነበር።

ቦር ግን በ1944 ቸርችልንና ሩዝቬልትን አነጋግረው፥ ቦምቡ ሥራ ላይ ሳይውል ነገሩ ለሩሲያ መንግሥት እንዲነገር ለምነው ነበር። ቸርችል አልሰሟቸውም። በ1950 ለተባበሩት መንግሥታት ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። በ1962 በኮፐንሃገን ዐረፉ።