ልቡ እየሰማ እጁና አንደበቱ የከዱት ሞሪስ ራቬል

የሰው ልጅ ያሰበውን ለሌላው የሚያስታውቀው በአንደበቱና በእጁ ነው። ሁለቱ እየታዘዙት ሳለ ዋጋቸውን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሐሳቡ በውስጡ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚናገርበት ቃልና የሚጽፍበት እጅ ቢከዱት፣ ያ ሰው ምን ይሆናል? ይህን መከራ ካዩት ሰዎች አንዱ ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ ሞሪስ ራቬል ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ራቬል ማርች 7 ቀን 1875 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በእስፓኝ ወሰን አጠገብ በምትገኘው በሲቡር ተወለደ። አባቱ መሐንዲስ፣ እናቱ የባስክ ተወላጅ ነበረች። የሦስት ወር ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ፓሪስ ተዛወረ። አባቱ ሙዚቃ ወዳድ ስለ ነበረ ልጁ ፒያኖ እንዲማር አደረገ፤ በ1889 ዓ.ም. ልጁ በ14 ዓመቱ በፓሪስ ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ።

የትምህርቱ ዘመን ግን የተመቸ አልነበረም። ለወጣት ደራሲዎች የሚሰጠውን የሮማ ሽልማት ለማግኘት አምስት ጊዜ ተወዳድሮ ዋናውን ሽልማት ሳያገኝ ቀረ። በ1905 ዓ.ም. ገና በመጀመሪያው ማጣሪያ በወደቀ ጊዜ ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ታላቅ ክርክር አስነሣ። የትምህርት ቤቱም ዲሬክተር ሥራውን ለቀቀ፤ በምትኩም የራቬል መምህር የነበረው ጋብርኤል ፎሬ ተሾመ።

በ1914 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ ራቬል አጭርና ቀላል ሰው ስለ ነበረ ለውትድርና አልተቀበሉትም። እርሱ ግን ደጅ ጠንቶ የጭነት መኪና ነጂ ሆኖ ዘመተ። በጦርነቱ የሞቱትን ወዳጆቹን ለማሰብ ስድስት ክፍል ያለው የፒያኖ ድርሰት ደረሰ። በ1928 ዓ.ም. አሜሪካን አራት ወር ያህል እየዞረ ሥራውን አሰማ፤ በዚያው ዓመት የኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው፤ በዚያው ዓመትም ስሙን በዓለም ያስጠራው ቦሌሮ በፓሪስ ኦፔራ ተሰማ። በቦሌሮ ትንሿ ከበሮ አንዱን ምት ሳትለውጥ ትመታለች፤ ዜማው ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እየተላለፈ፣ ድምፁ ቀስ በቀስ እየጎላ ይሄዳል። ቀጥሎም ቀኝ እጁን በጦርነት ላጣው ለኦስትሪያዊው ፒያኖ ተጫዋች ለፓውል ቪትገንሽታይን፣ በግራ እጅ ብቻ የሚመታ ድርሰት አዘጋጀለት። እጅ ላጣ ሰው እንዲህ ያሰበ ደራሲ፣ ብዙ ሳይቆይ ሁለቱም እጆቹ ሳይጎድሉ መጻፍ የሚሳነው ሆነ።

ሕመሙ በአንድ ቀን አልመጣም። በኦክቶበር 1932 ዓ.ም. በፓሪስ ተሳፍሮበት የነበረው ታክሲ ተጋጭቶ ጉዳት ስለ ደረሰበት፣ ብዙ ሰዎች የሕመሙን መነሻ ከዚህ አደጋ ይቈጥራሉ። ነገር ግን ከዚያ በፊትም በጽሕፈቱ ላይ አንዳንድ ስሕተት ይታይ ነበር። በ1933 ዓ.ም. በጋ፣ ዋና አዋቂ የነበረው ሰው በባሕር ውስጥ ሳለ እጅና እግሩን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ጠፋው። ጥቂት ቆይቶም ስሙን መፈረም ጭንቅ ሆነበት፤ አንዲት አጭር ደብዳቤ ለመጻፍ መዝገበ ቃላት ገልጦ ፊደሉን አንድ በአንድ እያየ ብዙ ቀን ይደክም ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሙዚቃው ከልቡ አለመጥፋቱ ነው። ስለ ዣን ዳርክ ሊጽፈው ያሰበውን ኦፔራ በውስጡ እንደሚሰማው፣ ነገር ግን ከቶ እንደማይጽፈው ለወዳጆቹ ይነግራቸው ነበር። በ1935 ዓ.ም. ከቀድሞ ዘፈኖቹ አንዱን ለኦርኬስትራ ባዘጋጀ ጊዜ ብዕሩን የያዘለት ተማሪው ማኑኤል ሮዘንታል ነበር።

ታዋቂው የነርቭ ሐኪም ቴዎፊል አላዡዋኒን ራቬልን ተከታትሎ መርምሮታል፤ ያየውንም በ1948 ዓ.ም. ጽፎ አሳትሟል። ራቬል የገዛ ድርሰቱ ሲመታ አንዲት ድምፅ ብትሳሳት ወዲያው ያውቅ ነበር፤ የፒያኖው ቅኝት ጥቂት ቢዛባም ይለየው ነበር። የሰማውን ድምፅ በስሙ እንዲጠራ ወይም በኖታ እንዲጽፍ ሲጠየቅ ግን አይሆንለትም። ማስተዋሉና የሙዚቃ ጣዕሙ ሳይጠፋ፣ ማስታወቂያው መንገድ ተዘግቶበት ነበር ማለት ነው።

የቋንቋ መታወክ በሕክምና አፋዚያ ይባላል። ፈረንሳዊው ፖል ብሮካ በ1861 ዓ.ም.፣ ጀርመናዊው ካርል ቬርኒኬ በ1874 ዓ.ም. ባሳተሙት ምርምር፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የቋንቋ ሥራ በግራው የአንጎል ክፍል እንደሚከናወን አስረድተዋል። የአንጎል ደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ አፋዚያ በድንገት ይመጣል። የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ በሚሄዱበት ሕመም ግን ቃል በዓመታት ውስጥ እየሳሳ ይጠፋል። አሜሪካዊው ሐኪም ማርሰል መሱላም በ1982 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን፣ ከማስታወስ ችሎታ አስቀድሞ ቋንቋን የሚያጠቃ በሽታ ለይቶ ገልጦታል፤ ከኋላ ዘመን ሐኪሞችም የራቬልን ሕመም ከዚህ ወገን የሚቈጥሩት አሉ። የመናገር ችግር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የፓርኪንሰን በሽተኛ ለምሳሌ ቃሉን እያወቀ፣ የመናገሪያው ጡንቻ ስለማይታዘዝለት ድምፁ ያንስበታል።

በዲሴምበር 1937 ዓ.ም. ሐኪሙ ክሎቪስ ቨንሳን በራቬል አንጎል ውስጥ ዕጢ ይገኝ እንደ ሆነ ብሎ ኦፕራሲዮን አደረገለት። ዕጢ ግን አልተገኘም። ራቬል ለጥቂት ጊዜ ነቅቶ ወንድሙን ኤድዋርን እንዲጠሩለት ጠየቀ፤ ከዚያም ራሱን ስቶ ዲሴምበር 28 ቀን በ62 ዓመቱ ዐረፈ። ፓሪስ አጠገብ በሌቫሉዋ ከወላጆቹ ጐን ተቀበረ።

እንዲህ ያለውን ሕመም ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ የንግግር ልምምድና በሥዕል ማስረዳት ሕመምተኛውን ይረዱታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰሚው ትዕግሥት ነው። በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ፊት፣ ወይም በቤታችን ማዕድ ዙሪያ፣ ቃል የጠፋበት ሽማግሌ ቢያጋጥመን ሞኝ ነው ብለን አንፍረድ፤ አብሮት የመጣውን ብቻ እያናገርንም እርሱን እንደሌለ አንቍጠረው። አጭር ጥያቄ፣ አንዱን ካንዱ ሳንደራርብ እንጠይቀው፤ ቃሉንም ከአፉ ሳንነጥቅ እንጠብቀው። የራቬል ሕይወት እንደሚያስተምረን፣ ቃል ሲያልቅ ሐሳብ አብሮ አያልቅም፤ ዝም ባለው ሰው ልብ ውስጥ ገና ያልተጻፈ ዜማ ሊኖር ይችላልና።